የበሬ ራስ ያለው ጄኔራል

ሰኞ፣ መስከረም 12

ዋሸሁ። አስቤበት እንኳ አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ።

ወልቂጤ መናኸሪያ ነበርን። ሚስቴ ፋንቱ ሻንጣዋን ሚኒባሱ ላይ አስጭና፣ ልጃችንን ሜሮንን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ በመስኮት «ረቡዕ ትደርሳለህ አይደል?» አለችኝ። «ስብሰባ አለብን። እስከ ቅዳሜ የሚለቁን አይመስለኝም» አልኳት። «በመስቀል?» አለች። «ቢፒአር ነው» አልኩ። ቢፒአር ምን እንደሆነ እኔም በቅጡ አልገባኝም። የአሠራር ለውጥ ነው ይላሉ። ዘንድሮ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሚጎድለው ነገር ሁሉ ሰበቡ እሱ ስለሆነ የሠራተኛ ሚስቶች ሳይቀሩ ቃሉን ለምደውታል። ሚኒባሱ ሲነሳ ሜሮን አንገቷን ብቅ አድርጋ «አባ፣ ላሜን እንዳትረሳት» አለችኝ። የፕላስቲክ ላሟን ነው። በጥድፊያ አልጋ ሥር ጥላት ሄዳለች።

ለራሴ በግልጽ ልጻፈው። የቸሃ ሰው ነኝ። ጉራጌ ለመስቀል ከየትም ይሁን አገሩ ይገባል፤ ከመርካቶ፣ ከሐዋሳ፣ ከጅማ። ሴቶቹ ቀድመው ሄደው ቅቤና ቆጮውን ያሰናዳሉ፤ ወንዶቹ ይከተላሉ። የአባቴ ቤት ከእምድብር ትንሽ ወረድ ብሎ ነው። ከወልቂጤ ጠዋት የተነሳ ሰው ለምሳ ይደርሳል። የሩቁ ሁሉ ሲገባ ቅርብ ያለሁት እኔ ቀረሁ። የቀረሁትም ለፕላስቲክ ወታደር ነው። የመንግሥት ሠራተኛ፣ ባለትዳር፣ የልጅ አባት፣ ጺሜ መሸበት የጀመረ ሰው።

በዚህ ጨዋታ የለከፈኝ ሸምሱ ነው፤ ወይም እኔ ነኝ እሱን የለከፍኩት። ሸምሱ የቡታጅራ ልጅ ነው። ኮሌጅ አንድ ክፍል ነበር የምናድረው፤ አሁን የቴፕና የቴሌቪዥን ጥገና ቤት አለው። ያስተማረን አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ መጽሔቶቹን ጥሎልን ሄደ። አንዱ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች ጠረጴዛ ከበው፣ ቀንድ ያላቸው ወታደሮችና ዘንዶ የሚጋልቡ ነገሥታት አሰልፈው ሲያዋጉ አየን። በቃ፣ እዚያው ቀረን። የእነሱን አንድ ወታደር የሚገዛ ብር እኛ ጋ ዶሮ ይገዛል ስለተባለ የራሳችንን ከሱቅ ፕላስቲክ መሥራት ጀመርን። በከረጢት የሚሸጡትን አረንጓዴ ወታደሮች፣ ላሞች፣ ፈረሶች፣ ትልልቅ እንሽላሊቶች እንገዛለን። የአንዱን ከሌላው ቆርጠን እንቀጥላለን፤ ቀለም እንቀባለን። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አሰልፈን፣ በማስመሪያ እየለካን እናስኬዳቸዋለን፤ ማን ማንን እንደገደለ የሉዶ ዳይስ ይወስናል።

ባለፈው ቡታጅራ ሄጄ ሸምሱ ጦሬን ፈጅቶ አሳፍሮ መልሶኛል። ቅዳሜ በተራው እሱ ይመጣል። «ቤቱ ባዶ ይሆናል» ብዬ ቀኑን የቆረጥኩት እኔው ነኝ። ለሸምሱ መስቀል በዓሉ አይደለም። ረመዳን ላይ ነው፤ ቀኑ አልሄድ ብሎታል።

ስለ አባቴ ዛሬ አልጽፍም።

ማክሰኞ፣ መስከረም 13

መሥሪያ ቤት ከዘበኛው ከጋሽ ተሾመ በቀር ሰው የለም። አለቃችን እንኳ ትናንት ቅቤውን ጭኖ አገሩ ገብቷል። «አንተስ አትሄድም እንዴ?» አለኝ ጋሽ ተሾመ። «ነገ» አልኩት። ለሚስት አንድ ውሸት፣ ለዘበኛ ሌላ ውሸት።

ቤት ገብቼ ዕቃዬን ዘረጋሁ። ቀለም፦ የፋንቱ የጥፍር ቀለም፣ ቀዩና ወርቃማው። በር ሲቀባ የተረፈ ጸረ ዝገት። ጥቁር የጫማ ቀለም። መቆሚያ፦ ያለቀለት ስሊፐር፣ ክብ ክብ ተደርጎ የተቆረጠ። ጋሻ፦ ቆርኪ። ፀጉርና ጋማ፦ ቃጫ።

ቃጫው ላይ ትንሽ አመነታሁ። እናቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ከእንሰቱ ፍቃ ያወጣችው የመጨረሻው ነው። ፋንቱ ሳጥን ውስጥ ጠቅልላ አስቀምጣዋለች። ለፈረሶቹ ጋማ ነጭና ስስ ነገር ያስፈልግ ነበር። ትንሽ ብቻ ልውሰድ አልኩ። ከዚያ እንደገና ትንሽ።

የጎደለኝ አዛዥ ነው። የሸምሱ ጦር የሚመራው በእንሽላሊት ላይ የተቀመጠ ንጉሥ አለው፤ የእኔዎቹ መሪ የላቸውም። የሰው አካል፣ የበሬ ራስ ያለው ጄኔራል በዓይነ ኅሊናዬ ከሣልኩ ወር አልፎኛል። የበሬ ራስ ፍለጋ ሱቁን ሁሉ ዞርኩ። መስቀል ስለሆነ ከአዲስ አበባ የመጣው ሰው ለየወንድሙ ልጅ ከረጢቱን ሁሉ ጠራርጎታል። «አንበሳ አለ» አሉኝ። አንበሳ ምን ያደርግልኛል።

የሜሮን ላም አልጋ ሥር ነበረች።

ቢላዋውን በጋዝ ምድጃው አግዬ አንገቷ ላይ ሳሳርፈው እንደ ቅቤ ገባ። የፕላስቲክ ሽታ ግቢውን ሞላው። ጎረቤታችን እትዬ ዘውዴ በአጥሩ በኩል «ምን እያረረብህ ነው? ሚስትህ ከሄደች ገና አንድ ቀን» አሉኝ። ጎጃሜ ናቸው፤ ባላቸው መምህር ነው። «ወጥ ነው» አልኩ። ሦስተኛ ውሸት።

ራሱ ግን የወታደሩ አንገት ላይ ልክ ገጠመ። ቀንዶቹን ትንሽ በእሳት አሙቄ ወደ ፊት አጠፍኳቸው፤ ማጅራቱ ላይ ከቃጫው ጋማ፣ እጁ ላይ የቆርኪ ጋሻ አጣበቅኩለት። ያምራል። ደስ ብሎኝ ለብቻዬ ሳቅሁ። ዞር ስል ራስ የሌላት ላም ወለሉ ላይ በአራት እግሯ ቆማለች። አንስቼ መሳቢያ ውስጥ ከተትኳት።

ረቡዕ፣ መስከረም 14

የዛሬውን ለማንም አልነግርም። ታናሽ ወንድሜ ሀብቴ ጠዋት ደወለ። መርካቶ የፕላስቲክ ዕቃ ያከፋፍላል፤ መኪና ከገዛ ሁለተኛ መስቀሉ ነው። «ወሊሶን አልፌያለሁ። ተዘጋጅ፣ ይዤህ እገባለሁ» አለኝ። ስብሰባውን ነገርኩት። «አለቃህን ራሴ አናግረዋለሁ። የአገር ልጅ አይደል? መስቀል መሆኑ ጠፍቶት ነው?» አለ። «አሁን ተጀመረ» ብዬ ስልኬን አጠፋሁት።

ከዚያ ደነገጥኩ። ሀብቴ እንዲህ በቀላሉ የሚተው ሰው አይደለም፤ ቤት ድረስ ይመጣል። እትዬ ዘውዴ ዘንድ ሄጄ «በሩን ከውጭ ይቆልፉብኝና ወንድሜ ሲመጣ ስብሰባ ሄዷል ይበሉልኝ» አልኳቸው። «ምን አድርገህ ነው?» አሉ። «ምንም። ሥራ አለብኝ።» «እኔን ለምን በዓል መጥቶ ታስዋሸኛለህ?» እያሉ ቆለፉብኝ።

በጨለመ ቤት፣ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጬ፣ በገዛ ቤቴ ላይ ቁልፍ አስቆልፌ፣ የወንድሜን ድምፅ ሰማሁ። በሩን ሁለት ጊዜ መታ። «ጋሼ» አለ። ታላቁ ስለሆንኩ እንዲያ ነው የሚለኝ። ትንፋሼን ዋጥኩ። እትዬ ዘውዴ እየተንተባተቡ «ስብሰባ ነው መሰለኝ» አሉት። «መሰለኝ» ባይሉ ምን ነበረበት። ሀብቴ «ለአባባ ሲቀርብ ይልበሰው» ብሎ የሆነ ነገር ሰጥቷቸው ሄደ። መኪናው እስኪርቅ ጠብቀው ከፈቱልኝ። አዲስ ነጭ ሸሚዝ ነው፤ በልኬ። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» ብለውኝ ገቡ እትዬ ዘውዴ። ጠረጴዛዬን በበሩ አይተውታል።

ለምን እንደማልሄድ ልጻፈው እንግዲህ። ሸምሱ ብቻ አይደለም ምክንያቱ። በአባቴ ቤት ከእርዱ በፊት ወንዶቹ ልጆች በዕድሜ ተራ ፊታቸው እንቆማለን። «ዘንድሮ ምን ሠራህ?» ይሉናል፤ እንናገራለን፤ ይመርቁናል። ሀብቴ ሱቅ ከፈትኩ ይላል፤ አምና መኪና አለ። ከእሱ የሚያንሰው ቤት ሠራሁ ይላል። እኔ፣ ታላቃቸው፣ በየዓመቱ «ደኅና ነኝ፣ እግዜር ይመስገን» እላለሁ። አባቴ «ይመስገን» ይላሉ። ሌላ ምንም አይሉኝም። እሱ ነው የሚከፋው።

ሐሙስ፣ መስከረም 15

የእርድ ቀን። ፋንቱ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥታ ደወለች።

«አላረዱም» አለችኝ።

«ማን?»

«አባባ ናቸዋ። ትልቁ ልጄ ሳይገባ በዚህ ደጅ ደም አይፈስም ብለው ቁጭ አሉ።»

ልማዱ እንዲህ ነው። የአባቴ እጅ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ወዲህ ቢላዋውን የምይዘው እኔ ነኝ። ሀብቴ ዛሬ «እኔ ልያዘው» ቢላቸው «ታላቅ በሕይወት እያለ ታናሽ ቢላዋ አያነሳም» አሉት። ጎረቤቱ ሁሉ አርዶ ክትፎው ሲከተፍ፣ የእኛ በሬ ታስሮ ሣር ያመነዥጋል። ሕፃናቱ በየሰው ቤት እየዞሩ ይበላሉ። አባቴ ደግሞ ደጅ ላይ ተቀምጠው ለሚያልፈው ሁሉ «ልጄን መንግሥት ያዘብኝ፤ ያለ እሱ ስብሰባው አይሆንም አሉ» ይላሉ። «ደግሞ ትንሽ ኮራ ብለዋል» አለች ፋንቱ። እሷም የኮራች መሰለኝ።

ስልኩን እንደዘጋሁ ቦርሳዬን አነሳሁ። ሸሚዙን ከተትኩ። ከዚያ አሰብኩ፦ ዛሬ ከደረስኩ ስብሰባው እንዴት አለቀ ይሉኛል። ሸምሱም ለቅዳሜ ሱቁን ሊዘጋ ነው። የጄኔራሉ ወርቃማ ቀለምም አልደረቀም። ሦስት ምክንያት ደረደርኩ፤ ሁሉም የልጅ ምክንያት። ቦርሳውን መልሼ ሰቀልኩት።

ከዚያ ምን አደረግሁ? ተቀመጥኩና የጄኔራሉን ዓይን ሣልኩ። በክብሪት እንጨት ጫፍ፣ በጥቁር የጫማ ቀለም። እጄ ጸንቶ ዋለ። ሣሩን የሚያመነዥገው በሬ ግን ከፊቴ አልሄድ አለ። የቀባሁት ዓይን እንደዚያ ከብት ዓይን ዝም ብሎ የሚጠብቅ ዓይን ሆኖ ወጣ። በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ የተሻለው እሱ ነው። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ዓርብ፣ መስከረም 16

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተሾመ ነው፤ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገርና አንድ ቅል ይዞ።

«የእምድብር መስመር ሾፌር መሥሪያ ቤት ድረስ አምጥቶት ነበር» አለኝ። «አባትህ ናቸው የላኩት። 'ስብሰባ ላይ ምግብ አይመቸውምና ለነገ ጾሙን ይግደፍበት' ብለዋል አለኝ።»

ቆጮ፣ አይብ፣ ቅሉ ሙሉ ቅቤ። ቅቤው የሚሸተው የአባቴን ቤት ነው።

«ሾፌሩ ስብሰባው የቱ ጋ ነው ቢለኝ፣ ኧረ ከማክሰኞ ጀምሮ ሰው የለም አልኩት» አለ ጋሽ ተሾመ። «ኋላ ነው የደነገጥኩት። ጥፋት አጠፋሁ እንዴ ልጄ?»

«አላጠፋህም ጋሼ» አልኩ። ጥቅሉን ስቀበለው ጣቶቼን አየ። እስከ ጥፍሬ ድረስ ቀይና ወርቃማ ናቸው። የድሮ ወታደር ነው፤ የሚያየውን ሁሉ አይናገርም። በበሩ በኩል ግን ጠረጴዛው ላይ የተሰለፈውን ጦር አየና አንድ ጊዜ ራሱን ነቀነቀ። ሰልፉን አድንቆ ይሁን በእኔ አዝኖ አልገባኝም።

ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ። የእኔው እያደር ከበደ። ስንቁም ጭምር መጣልኝ።

ማታ ከተማው ደመራ ወጣ። እኔ አልወጣሁም፤ የማውቀው ሰው ያየኛል ብዬ ፈራሁ። ጭፈራው ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። የሜሮንን ላም ከመሳቢያ አውጥቼ አንገቷን በሱፐር ግሉ ለመጠገን ሞከርኩ። የምገጥምበት ራስ ግን የለኝም። ያለው አንድ ራስ ነው፤ እሱም ጄኔራል ሆኗል።

ሾፌሩ ዛሬውኑ ተመልሶ እምድብር ገብቷል። ምን ብሎ ይሆን?

ቅዳሜ፣ መስከረም 17

ሸምሱ በሞተር ሳይክሉ አቧራ ለብሶ ደረሰ። ቡታጅራ ሱቁን ዘግቶ፣ ጾም ላይ ሆኖ፣ ያን ሁሉ መንገድ መጥቷል። ጦሩን በብስኩት ካርቶን ከጀርባው አስሮታል። «አሰላሙ አለይኩም፤ የት አለ ያ የፎከርክለት?» አለ።

ጄኔራሉን ሰጠሁት። ወደ መስኮቱ ይዞት ሄደ። ሸምሱ ለምስጋና ስስታም ነው፤ ለሠራሁት ነገር እስከ ዛሬ ደግ ቃል ተናግሮ አያውቅም። «አቦ» አለ። «ይኼን ዓይን እንዴት ሣልከው?» ለአንድ አፍታ በሬውንም፣ አባቴንም፣ ሁሉንም ረሳሁ። ያች አንዲት አፍታ ደስ ብላኝ ነበር።

አሰለፍን። የእኔ ቀንዳሞች በወንዙ በኩል፣ የእሱ እንሽላሊቶች በኮረብታው በኩል፤ ወንዙ የፋንቱ ሻሽ ነው። ዳይሱን ሊወረውር ሲል ጥግ ላይ ያለውን የኮባ ጥቅል አየ። «እንግዳ መጥቶልህ ነበር እንዴ?» አለ። አባቴ ልከውልኝ ነው አልኩት። «እሳቸው ጋ አልሄድክም? መስቀል ዛሬ አይደል?» ነገርኩት፤ ሁሉንም ነገርኩት። ስብሰባውን፣ ቁልፉን፣ በሬውን። እንደ ቀልድ አድርጌ ነበር የጀመርኩት። ሸምሱ አልሳቀም።

ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«በሬው እስካሁን ታስሮ ነው?»

«ይመስለኛል።»

«እኔ ለኢድ እናቴ ደጅ ካልተገኘሁ ሰው አይደለሁም» አለ። «ምነው ብትነግረኝ? የመጣሁት አንተ በዓሉን ጨርሰህ መስሎኝ ነው። ወላሂ፣ እኔንም ጥፋቱ ውስጥ አስገባኸኝ እኮ።»

«አንድ ዙር ብቻ እንጫወትና—»

«ተው» አለ። ሸምሱ ተቆጥቶ ሲያናግረኝ የመጀመሪያው ነው። እንሽላሊቶቹን አንድ በአንድ ወደ ካርቶናቸው መለሰ። «በዓል ስለሆነ መኪና አታገኝም። ተነስ፣ እኔ አደርስሃለሁ።»

ይህን የምጽፈው እሱ ሞተሩን እያሞቀ ሳለ ነው። ነጩን ሸሚዝ ለብሻለሁ። ጄኔራሉን ለምን ኪሴ እንደከተትኩት አላውቅም። ላሚቱን ትቻት መሄድ ፈልጌ ነበር፤ ሜሮን አትርሳት ስላለችኝ እሷንም ያዝኳት።

እሑድ፣ መስከረም 18፤ አባቴ ቤት

ከእንሰቱ ሥር ቁጭ ብዬ ነው የምጽፈው። የትናንቱን ልጻፈው፤ ሳልጽፈው አንድ ቀን ካደረ ራሴን ላሳምርበት እችላለሁ።

ሸምሱ መንደሩ አፍ ላይ አውርዶኝ እዚያው ተመለሰ። «ግባና ውኃ እንኳ...» ስል ጾሙ ትዝ አለኝ። «ለማፍጠሪያ እናቴ ጋ ልድረስ» አለ። ከዚያ ሞተሩን ሳያስነሳ ዞር ብሎ «ዓይኑን ታስተምረኛለህ» አለኝ።

በሬው ቆሞ ነበር፤ ያለቀ ሣር ፊቱ። ፋንቱ ከሩቅ አይታኝ ሮጠች። «ለቀቁህ?» አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅኩ፤ ወዴት እንደነቀነቅኩ እኔም አላወቅሁም። ጣቶቼን አየች፤ የጥፍር ቀለሟን አወቀችው። «ስብሰባው ላይ ጥፍር ትቀቡ ነበር?» አለች ቀስ ብላ፤ ከዚያ ወዲያ እስካሁን አላናገረችኝም።

አባቴ ተነስተው ሳሙኝ። ወዲያው ወንዶቹን ጠሩና በተራ አቆሙን። «ዘንድሮ ምን ሠራህ?» ከታናሽ ነው የሚጀምሩት። ታናሻችን ተናገረ። ሀብቴ ሁለተኛ ሱቅ ከፈትኩ አለ፤ ተመረቀ። ወደ እኔ ዞሩ።

«ደኅና ነኝ» ልል አፌን ስከፍት ሜሮን ኪሴ ውስጥ እጇን ከታ ነበር። ላሟን ፍለጋ ነው። ያወጣችው ግን ጄኔራሉን ነው። ብዙ አየችው። «ላሜ ናት» አለች። «ለምን በሁለት እግሯ ቆመች?»

ሀብቴ ተቀበላት፤ ገልብጦ ከሥሩ የፋብሪካ ስም ፈለገ። መርካቶ ያለ ሰው ሁሉን ነገር እንዲያ ነው የሚያየው። «ይኼ ከየት የገባ ነው? ገበያ ላይ አላየሁትም» አለ። «እኔ ነኝ የሠራሁት» አልኩ። እንዲህ ስል ድምፄ የሕፃን ድምፅ ሆነብኝ።

አባቴ እጃቸውን ዘረጉ። በሚንቀጠቀጥ እጃቸው ዓይናቸው ድረስ አቀረቡት። ቀንዱን ነኩ፤ ጋሻውን ነኩ። ጋማው ላይ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። ቃጫውን በሁለት ጣት ወደ ታች ሳቡት፤ እንደገናም ሳቡት።

«ይኼ የእናትህ ነው» አሉ በጉራግኛ። «እንዲህ አድርጋ የምታነጣ ሌላ ሴት በዚህ አገር የለችም።»

«የእሷ ነው አባባ። የተረፈውን ነው...» አልኩ። ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

«ዘንድሮ የሠራኸው ይኼ ነው?»

«ይኼ ነው።»

እንደ ወንድሞቼ እጃቸውን ራሴ ላይ ጭነው መረቁኝ፤ ሳያሳጥሩ። ጄኔራሉን ለሜሮን መለሱላት። ሜሮን ክር ለምና ወስዳ በሬው ከታሰረበት ካስማ ሥር አሰረችው። ራስ የሌላትን ላም ሰጠኋት፤ አየቻትና «ይቺ ሞታለች» ብላ መለሰችልኝ። አሁንም ኪሴ ውስጥ ናት።

ወደ በሬው ስንሄድ አባቴ ክንዴን ይዘው ወደ ኋላ አስቀሩኝ። ቢላዋውን በሰገባው አቀበሉኝ።

«አባባ» አልኩ። «ስብሰባ አልነበረም።»

«ሾፌሩ ነግሮኛል፤ ትናንት ማታ» አሉ። ፊታቸው አልተለወጠም። «ለሰው ግን ስብሰባ ነው ብያለሁ። ትናንት ማታም ብያለሁ፣ ዛሬ ጠዋትም ብያለሁ። አንተም ስብሰባ ነው በል።»

አባቴ ውሸት የሚጠሉ ሰው ናቸው። ልጅ ሆነን አንዲት ውሸት ስንናገር የቀጡንን እኔና ሀብቴ አንረሳውም። ካወቁ በኋላ ነው የዋሹት፤ ለእኔ ሲሉ፣ በዚህ ዕድሜያቸው፣ በመስቀል። ቢላዋው እጄ ላይ ከበደኝ። አረድኩ። እጄ አልተንቀጠቀጠም።

ዛሬ ጠዋት ሽማግሌዎቹ ለመጠየቅ መጡ። ክትፎው ቀረበ። የአባቴ ጓደኛ አባ ወልዴ፣ ገበሬ ናቸው፣ ከጎኔ ተቀምጠው ቆጮውን እየቆረሱ «እንኳን ለቀቁህ። ስብሰባው ላይ ስለ ማዳበሪያው ተነሳ?» አሉኝ።

አባቴን አየሁ። ወደ ሳህኑ አቀርቅረዋል፤ መጉረሳቸውን ግን አቁመዋል።

«ተነስቷል» አልኩ። «ለሌላ ጊዜ ተላለፈ።»

«እንዲህ ናቸው» አሉ አባ ወልዴ። «ሁልጊዜ ማስተላለፍ ነው።»

አባቴ ሳያዩኝ ከፊታቸው ካለው ክትፎ በቆጮ ጠቅልለው አጎረሱኝ።